ጃንጥላው ሲከፈት ሁሉም ወደ ፊት

ሥራዬን ከለቀቅሁ ወር አልፎኛል። አባቴ ግን እስካሁን አልለቀቁም።

አሁን የምሠራው በክልሉ ትምህርት ቢሮ ነው፤ ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራን መመሪያ እናዘጋጃለን። የራሴ ጠረጴዛ አለኝ፤ መብራት ሲኖር ቬንትሌተር ይዞርልኛል። ጓደኞቼ «እንኳን ከፀሐይ ወጣሽ» ብለውኛል። አባቴ ግን ነገሩን ስነግራቸው ጨርቅ የሚለኩበትን ሜትር አስቀምጠው፣ «እና ማን ሊጠራላቸው ነው?» አሉኝ። በሕይወታቸው ኳስ ነክተው የማያውቁ የጨርቅ ነጋዴ ይህን ለምን እንደጠየቁ ለማስረዳት፣ በኮሌጁ ያሳለፍኩትን ጊዜ ከመጀመሪያው ማንሳት አለብኝ።

አዲስ አበባ ስፖርት ተምሬ ስጨርስ መጀመሪያ የተመደብኩት አቦቦ፣ ከአልዌሮ ግድብ ብዙ በማይርቅ ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ ብዙም አልቆየሁም። ክልሉ ገና ክልል መሆኑ ስለነበር በየጊዜው አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ በየበሩ ቀለሙ ያልደረቀ ታፔላ ይሰቀላል፤ የተማረ ሰው ካለበት ተፈልጎ ይመጣል። እኔም ተፈልጌ ወደ ተወለድኩበት ወደ ጋምቤላ ከተማ፣ ወደ መምህራን ማሠልጠኛው ኮሌጅ መጣሁ። ደመወዙ ይዘገያል፤ ግን ቤቴ ነበርኩ።

ዲኑ ፊቴን እንኳን በቅጡ ሳያይ፣ «ጠዋት ሴቶቹን ታስተምሪያለሽ፤ ከሰዓት በኋላ የወንዶቹን የእግር ኳስ ቡድን ታግዣለሽ» አለኝ። እኔ ደግሞ ስም ስጠራ ድምፄ ከሦስተኛው ወንበር የማያልፍ ሰው ነበርኩ። እሺ ከማለት ሌላ የማውቀው መልስ ስላልነበረ እሺ አልኩ።

አባቴ ሲሰሙ ደነገጡ። «ኳስ ሜዳ? በዚያ ሁሉ ወንድ መሐል?» ከወሎ መጥተው እዚህ ሱቅ ከከፈቱ ጀምሮ ስማቸው በክፉ ተነስቶ አያውቅም። ሆኖም አልከለከሉኝም። ከመደርደሪያ አንድ ጃንጥላ አውርደው ሰጡኝና፣ «ከፀሐይም ከሰው ዓይንም ተከለዪበት» አሉኝ። ችግሩ፣ ጃንጥላው ደማቅ ቢጫ ነበር። በቀለሙ ምክንያት ገዢ አጥቶ የከረመ ዕቃ ነው። እንድሸሸግበት የተሰጠኝ ጃንጥላ ከባሮ ወንዝ ማዶ ይታያል።

ዋናው አሠልጣኝ ጋሽ ኦጁሉ ነበሩ። አባታቸው መርከቦች ከሱዳን በባሮ ላይ በሚመጡበት ዘመን ወደቡ ላይ ዕቃ ይጭኑ እንደነበር፣ እሳቸውም ኳስን የለመዱት እዚያው ከመርከበኞች እንደሆነ ይነግሩኝ ነበር። ዲፕሎማ የላቸውም። ዕውቀታቸውን ያገኘሁት ከንግግራቸው ይልቅ ከልማዳቸው ነው። ጨዋታ ሲያዩ ኳሱን አያዩም፤ መስመሩ ዳር ቁጢጥ ብለው የተጫዋቾቹን እግር ያያሉ። ተጫዋች ሲሳሳት ደግሞ አይቆጡም፤ መጀመሪያ ሰላምታ ይሰጣሉ። ባዶ ጎል የሳተ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ፣ «እንዴት ዋልክ? እናትህ ደህና ናት?» ይሉታል። ልጁ መልሶ እስኪጨርስ የሁለቱም ንዴት ይበርዳል። ስለ ስህተቱ የሚነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ ቡድን ውስጥ ከስድብ ይልቅ የሚያስፈራው የጋሽ ኦጁሉ «እንዴት ዋልክ» ነበር።

የሚያስፈራበት ምክንያትም ነበረን። መከላከላችን ጥሩ ነው፤ ማጥቃታችን ግን ሞቷል። ያን ዓመት ያሸነፍናት አንዲት ጨዋታ ተጋጣሚው በራሱ ላይ ባገባት ጎል ነበር። ሌላው ሁሉ ዜሮ ለዜሮ ነው። አጥቂያችንና ካፒቴናችን ጋትሉዋክ እንደ ዘንባባ ረጅም፣ ትሑት ልጅ ነው። ኳስ እግሩ ሥር ሲገባ ግን ወደ ሰማይ ይልከዋል። በባሮ ዳርቻ አሸዋ ላይ ስንለማመድ ኳሱ ወንዙ ውስጥ በገባ ቁጥር ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ይስቁበታል።

«ጋትሉዋክ! ታች ማታር ከተማ ሂድና ጠብቀው፤ ውሃው ያደርስልሃል!»

የግራ መስመር አጥቂው ኦባንግም ከእነሱ አያንስም። «ወፎቹን ተዋቸው ወንድሜ፤ ምን አደረጉህ?»

ጋሽ ኦጁሉ ከሳቁ ጋር አይስቁም። ዱላ አንስተው በጋትሉዋክ የግራ እግር ዙሪያ አሸዋው ላይ ያሰምራሉ። «የሚመታው እግር ታዛዥ ነው» ይሉታል፤ «አዛዡ የቆመው ነው። ይሄ ከኳሱ ኋላ ከቀረ፣ ሰውነትህ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ኳስ ወደ ላይ ይሄዳል። መጀመሪያ ይሄን ትከል። አየኸው? ከዚያ ምታ።»

የጋትሉዋክ እግር ግን ከችግራችን ግማሹ ብቻ ነበር። ሌላውን ግማሽ ያየሁት በዓይን አፋርነቴ ነው። ሰው እንዳያየኝ ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ራቅ ብዬ ጃንጥላዬ ሥር ስለምቆም፣ ሜዳውን በሙሉ አያለሁ። ጋሽ ኦጁሉ እያንዳንዱን ጥቃት ራሳቸው ከዳር ሆነው ይጠራሉ፤ በየት በኩል እንደሚኬድ፣ መቼ እንደሚቆይ። በአማርኛ ሲጠሩ ከተማው ሁሉ ይሰማል። በአኙዋክኛ ሲጠሩ ከተጋጣሚዎቹ ግማሹ አኙዋክ ነው። በኑዌርኛ ጋትሉዋክ ሲያስተላልፍላቸው ሌላው ግማሽ ይሰማል። ጋምቤላ ላይ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። በዚያ ላይ ተመልካቹ የሰማውን ተቀብሎ በአንድ ድምፅ ያስተጋባል፤ «በግራ! በግራ!» የእኛ ኦባንግ ገና ሳይነሳ የእነሱ ተከላካይ ቦታው ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ይህን ለመናገር ብዙ ልምምድ አለፈኝ። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «ጋሽ ኦጁሉ፣ ጥሪዎን ከእኛ ቀድመው የሚሰሙት እነሱ ናቸው» አልኳቸው።

ቆሙ። «ታዲያ ዝም እንበል፣ ቲቸር?»

«በአፍ ባይሆንስ?»

እኔን ትተው ጃንጥላውን አዩት። «ማነው ይሄን ያህል ቢጫ የሸጠልሽ?»

«አባቴ ናቸው።»

«ጌታ ይባርካቸው» አሉ።

ሦስት ምልክት አወጣን፤ ጋሽ ኦጁሉ በዓይን ጠቅሰው ይነግሩኛል፣ እኔ በጃንጥላው እጠራለሁ። የተዘጋው ጃንጥላ ጫፉ መሬት ላይ ከተተከለ፣ ኳሱን ይዛችሁ ቆዩ። ተዘግቶ ትከሻዬ ላይ ከወጣ፣ በኦባንግ በኩል ሂዱ። ከተከፈተ፣ ሁለቱ የመስመር ተከላካዮች ሳይቀሩ ሁሉም ወደ ፊት። አራተኛ ልጨምር ስል ጋሽ ኦጁሉ እጃቸውን አወናጨፉ፤ «አራተኛውን እኔም እረሳለሁ።» ልጆቹን ለማንም እንዳይናገሩ አስማልን። እኔም ቤት ውስጥ ትንፍሽ አላልኩም።

ጉዳቱ የእኔ ነበር። ጃንጥላው ካለ ጥሪ መከፈት ስለሌለበት፣ በጋምቤላ ፀሐይ የተዘጋ ጃንጥላ ይዤ እቆማለሁ። ከተማው ማውራት ጀመረ። ወሬው ደግሞ ሱቃችን ደረሰ። አንዱ ደንበኛ በሰው ፊት፣ «ጋሽ ሰይድ፣ ልጅህ ጃንጥላ ይዛ በፀሐይ ትጠበሳለች። የምትሸጥልን ጃንጥላ አይከፈትም እንዴ?» ብሎ አሳቀባቸው። ያን ማታ አባቴ አተኩረው አዩኝ።

«ፋጤ፣ ራስሽን ያምሻል?»

«ደህና ነኝ አባ።»

«ታዲያ ለምን አትከፍቺውም?»

«እከፍተዋለሁ አባ።»

ጥሪው ሠራ። ኦባንግ ያለ ጠባቂ መሮጥ ጀመረ፤ ኳስ እስከ ጎሉ አፍ ይደርሳል። ጋትሉዋክ ግን አሁንም ወፎቹን አልተዋቸውም። ዜሮ ለዜሮ፣ እንደገና ዜሮ ለዜሮ።

በዚህ መሐል ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ክልሉ በራሱ ስም ጅማ ላይ የሚወዳደር ቡድን ሊልክ ነው ተባለ። የቀረነው እኛና የወደብ ሰፈር ልጆች ነበርን። በአንድ ነጥብ ስለምንበልጣቸው እኩል ከወጣን እኛ እንሄዳለን። ዲኑ ከጨዋታው በፊት ሁለታችንንም ጠርቶ ነገሩን አሳጠረው። «አዲሱ ደንብ አሠልጣኝ ዲፕሎማ ይኑረው ይላል። ጅማ ከሄዳችሁ እኔ ለጋሽ ኦጁሉ ቆሜ እከራከራለሁ። ካልሄዳችሁ ምን ብዬ እከራከራለሁ?»

ከቢሮው ወጣን። ጋሽ ኦጁሉ በረንዳው ላይ ቆመው፣ «ነገ ጥሪው ያንቺ ነው» አሉኝ።

«የእኔ? በእንዲህ ያለ ቀን?»

«በእንዲህ ያለ ቀን ነው እንጂ። እኔ አሁን ፈርቻለሁ። የፈራ ሰው ቶሎ ይከፍታል። አንቺ አትቸኩይም።»

በማግስቱ ከተማው ሁሉ ሜዳው ዙሪያ ነበር። ልጆቹ ክብ ሠርተው ጸለዩ፤ እኔ ከዳር ሆኜ የራሴን ዱዓ አደረግሁ። የመጀመሪያው አጋማሽ እንደፈለግነው አለፈ። ጃንጥላውን ተክዬ ቆየሁ፤ አልፎ አልፎ ብቻ ትከሻዬ ላይ አወጣሁት። ዜሮ ለዜሮ ይበቃናል።

ከእረፍት በኋላ የምናጠቃው ወደ ወንዙ ወዳለው ጎል ነበር። ያ ወገን ዝቅ ያለ ነው፤ ውሃ ይተኛበታል። ደመናው ከባሮ ማዶ ሲነሳ አየሁት። ዝናቡ አላካፋም፤ አንድ ጊዜ ወረደ። ሕዝቡ ወደ ማንጎ ዛፎቹ ሸሸ። የሸሸም ያልሸሸም ግን እኔን እያየ ይጮኻል።

«አንቺ! ክፈቺው እንጂ!»

«ጃንጥላ ይዛ ትበሰብሳለች! ምን ነክቷታል?»

«ተዉአት፤ አባቷ ሊሸጡት ነው፣ እንዳይረጥብ ነው!»

ሻርፔ ራሴ ላይ ተጣበቀ፤ ቀሚሴ ከበደኝ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ መሆኑን ሳስብ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ጃንጥላውን ግን እንደተተከለ ያዝኩት። አሁን ከተከፈተ ተከላካዮቻችን ይወጣሉ፤ ኳሱ ኩሬው ላይ ይቆማል፤ ኋላችን ባዶ ይሆናል። ተስፋዬ የተባለው የቀኝ መስመር ተከላካያችን ከሩቅ አየኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ፤ ቆይ።

በዚህ ጊዜ ከኋላዬ የሚጣደፍ ኮቴ ሰማሁ።

«ያ አላህ! ልጄ በውሃ አለቀች!»

አባቴ ነበሩ። ወሬው እውነት መሆኑን በዓይናቸው ሊያዩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቁን ዘግተው መጥተው ኖሯል። ልጃቸው በሕዝብ ፊት ልብሷ ሰውነቷ ላይ ተጣብቆ፣ ጃንጥላ በእጇ ይዛ ስትበሰብስ አዩ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ከእጄ ወስደው ከራሴ በላይ ዘረጉት። ቢጫው ጃንጥላ በግራጫው ዝናብ መሐል ቦግ አለ።

ተስፋዬ ዘሎ ሲነሳ አየሁ። በግራ በኩል ያለውም ተነሳ። ጋትሉዋክ አንዴ ዞሮ አየን፤ ግራ ገብቶታል፤ ግን ጥሪ ጥሪ ነው። ሁሉም ወደ ፊት ሄዱ። «አባ...» ማለት ብቻ ቻልኩ። ከአባቴ እጅ ነገር መንጠቅ እጄ አያውቅበትም። ኦባንግ ወደ መሐል የላከው ኳስ ኩሬው ላይ ቁጭ አለ። የወደብ ሰፈሩ ልጅ አነሳውና ባዶውን ሜዳችንን ይዞ ሮጠ። በረኛችን ብቻውን ነበር።

አንድ ለዜሮ።

የወደብ ሰፈር ደጋፊዎች ዝናቡን ረስተው ሜዳ ገቡ። አባቴ ጃንጥላውን በላዬ እንደያዙ፣ «ምን ሆነ?» አሉኝ። ጋሽ ኦጁሉ ከተቀመጡበት ተነስተው ወደ እኛ መጡ። የሚሆነውን አውቄ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጋሽ ሰይድ፣ እንዴት ዋልክ? ቤተሰብ ደህና ነው?»

«አልሐምዱ ሊላህ፤ ደህና ነን።» አባቴ ግራ ተጋብተው መለሱ።

«ሱቅ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ጥሩ። እንግዲህ ቲቸር ትንገርህ» አሉና ተመልሰው ቁጢጥ አሉ።

ነገርኳቸው። ቃሉ በጣም ጥቂት ነበር፤ ጥሪያችን በዚህ ጃንጥላ ነው፤ ሲከፈት ሁሉም ወደ ፊት ይሄዳል፤ ጋሽ ኦጁሉ ዛሬ ከተሸነፍን ሥራ የላቸውም። አባቴ ጃንጥላውን አዩ፤ የእኛን ጎል አዩ፤ መልሰው ጃንጥላውን አዩ።

«እኔ ነኝ ያስቆጠርኩት?»

ጋሽ ኦጁሉ ዞር ሳይሉ፣ «ኩሬውም አለበት» አሉ።

አባቴ እንደ ተቃጠለ ሰው ጃንጥላውን ዘግተው ሰጡኝ። ከዚያ ወደ ዛፉ አልሸሹም። ጎኔ ቆሙ። ሁለታችንም በሰበስን።

አሁን ጎል ያስፈልገናል፤ ለእኛ ደግሞ ጎል ብርቅ ነው። ትከሻዬ ላይ አወጣሁት፤ በኦባንግ በኩል ሄዱ፤ ተመለሰ። ተከልኩት፤ ትንፋሽ ወሰዱ። የወደብ ሰፈሮች ጊዜ ለመግደል ኳሱን ወደ ውጭ ይለጋሉ። ዳኛው ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ኩሬው ሲሰፋ የእነሱ ተከላካዮች ከውሃው ወጥተው ወደ ጎን ሲሸሹ አየሁ። መሬት ለመሬት ከሆነ አናልፍም። ግን ሁሉም ሰው ከገባ፣ ኳሱ ደግሞ በአየር ከመጣ፣ ውሃው ለሁላችን እኩል ነው። ልከፍተው አነሳሁት። አልከፈት አለ። ገፋሁት፤ ሳብኩት፤ ጭራሽ።

«አባ፣ እምቢ አለኝ!»

«ይሄ ዕቃ እርጥብ ሲሆን ይይዛል፤ መቆለፊያውን በአውራ ጣት...» ብለው ጀመሩና አቆሙ። እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። «አልከፍትም! ወላሂ አልከፍትም! አንዴ አጥፍቻለሁ።»

«አባ፣ ይክፈቱት!»

«ሌላ ጎል ቢገባስ?»

«ጥሪው የእኔ ነው! ይክፈቱት!»

ወሰዱት። «ቢስሚላህ» ብለው በአውራ ጣታቸው ከታች ተጭነው ዘረጉት፤ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው፣ ሜዳው ሁሉ እንዲያየው፣ ከራሳቸው በላይ ያዙት። ተስፋዬ ተነሳ። ሁሉም ተነሱ። ተስፋዬ ራሱ ከቀኝ በኩል ኳሱን በአየር ላከው፤ ኦባንግ በግንባሩ መለሰው፤ ኳሱ ከጎሉ ፊት ኩሬው ላይ ወድቆ ተንሳፈፈ። በረኛው ሊይዘው ወጣ፤ ጭቃው አንሸራቶት በኳሱ ጎን አለፈ። ኳሱ ጋ የነበረው ጋትሉዋክ ብቻ ነው። ጎሉ ባዶ ነው። ልክ እንዲህ ያለውን ስንት ጊዜ ስቶታል!

ከተቀመጡበት ያልተነሱት ጋሽ ኦጁሉ ብቻ ነበሩ። እግሩን ነው የሚያዩት። ጋትሉዋክ አንገቱን ደፍቶ የራሱን ግራ እግር አየ። ከኳሱ ጎን ጭቃው ውስጥ ተከለው፤ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። ከዚያ መታ። ውሃውም ጭቃውም ኳሱም አብረው መረቡ ውስጥ ገቡ።

አንድ ለአንድ። ወዲያው ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

ጅማ ሄድን። እዚያ ተሸንፈን ተመለስን፤ ግን ጎል ሳናገባ የወጣንበት ጨዋታ አልነበረም። ዲኑም ቃሉን ጠበቀ፤ ጋሽ ኦጁሉ ዛሬም እዚያው መስመር ዳር ቁጢጥ ብለው አሉ።

ታዲያ ለምን ለቀቅሽ የሚለኝ ብዙ ነው። ዘንድሮ በአንድ ጨዋታ ጃንጥላውን ተከልኩ፤ ቆዩ ማለቴ ነው። ኦባንግ አየኝ፤ ራሱን ነቀነቀና በራሱ ፈቃድ በግራ ሰንጥቆ ሄዶ ጎል አገባ። እኔ ያላየሁትን ክፍተት እሱ ከውስጥ ሆኖ አይቶታል። ሕዝቡ ሲጨፍር ጋሽ ኦጁሉ ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«ቲቸር፣ እንዴት ዋልሽ? እናትሽ ደህና ናት?»

ሁለታችንም ሳቅን። ያን ጊዜ ነው ሥራዬ ማለቁን ያወቅሁት።

ባለፈው ቅዳሜ በሜዳው በኩል ሳልፍ ጨዋታ ነበር። ዝናቡ ወርዶ ተመልካቹ ሁሉ ማንጎው ሥር ተጠግቷል። ከተመልካቹ መስመሩ ዳር አንድ ሰው ብቻ ቀርተዋል፤ አባቴ ናቸው። ቆባቸው ውሃ ያንጠባጥባል፤ ቢጫው ጃንጥላ ተዘግቶ በእጃቸው አለ፤ ጫፉ መሬት ላይ ተተክሏል።

«አባ!» አልኳቸው፤ «ማንም እኮ አሁን በጃንጥላ አይጠራም። ይክፈቱት፤ በሰበሱ!»

ዓይናቸውን ከሜዳው አላነሱም።

«ዝም በይ ፋጤ» አሉኝ፤ «አንድ ለዜሮ እየመራን ነው።»